ጊንጆ ላይ ያለችው ኤሊ

ቀልድና ቅዘን ቤት ያጠፋል ይባላል። የኔ ቀልድ ሰው አጠፋ።

ጅማ ውስጥ፣ በአንድ የካርታ ቢሮ ሁለት ነዳፊዎች ነበርን፤ እኔና ጣሰው። አለቃችን ጋሽ ወልደሰማያት ሥራ በዘገየ ቁጥር «ከእናንተስ ኤሊ ይሻላል!» እያሉ ይቆጡን ነበር። እኛ ደግሞ ኤሊዋን ወደድናት። ምስር የምታህል ኤሊ እየሳልን በየካርታው ውስጥ እንደብቃት ጀመር። ደንብ ነበረን፤ በራስህ ካርታ ላይ አትስልም። ባልደረባህ ፈርሞ ዞር ሲል በእሱ ካርታ ላይ ትስላለህ። ካርታው ለህትመት ሳይሄድ አግኝቶ በምላጭ ከፋቃት አሸነፈ፤ ካላገኛት ተሸነፈ።

ዘመኑ 1970 ዓ.ም. ነው። ጠዋት መንገድ ላይ የወደቀ ሰው ላለማየት አንገቴን ደፍቼ እሄዳለሁ፤ ቢሮ ስገባ ኤሊ እስላለሁ። የምንስቅበት ቦታ እሱ ብቻ ነበር የቀረን።

አንድ ሰኞ ጠዋት የቀበሌው ካድሬ ሁለት ታጣቂዎች አስከትሎ ገባ። የታተመውን የጊንጆ ቀበሌ ካርታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ፣ ባሕር ዛፎቹ መሀል ኤሊዬ ተጋድማለች።

«ይሄ ምልክት ምንድነው? ባለፈው ሳምንት የአናርኪስቶች ወረቀት የተበተነው እዚሁ ቦታ ላይ ነው። ፊርማው የማን ነው?»

ፊርማው የጣሰው ነበር፤ ኤሊዋ ግን የኔ ናት። የወንበሩን መደገፊያ ያዝኩ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፤ አፌን ዘጋሁ።

«የኔ ነው» አለ ጣሰው።

«ምልክቱስ?»

«እሱም የኔ ነው። ኤሊ ናት፣ ጓድ። ለቀልድ ነው።»

«ለቀልድ!» ካድሬው አልሳቀም። «ሌላ የትኛው ካርታ ላይ አለ? ከማን ጋር ነው የምትሠራው?»

ጣሰው ወደ እኔ አላየም። «ብቻዬን ነኝ። ሌላ ቦታ የለም፤ ይቺው ናት።»

ወሰዱት። ኮቱ ወንበሩ ላይ ቀረ።

ጋሽ ወልደሰማያት በሩን ዘግተው፣ ላብ እያጠመቃቸው፣ በየመሳቢያው ያለውን ካርታ ሁሉ ጠረጴዛዬ ላይ ከመሩት። «ሸዋረገጥ፣ ልጄ፣ ነገ ሊፈትሹ ይመጣሉ። አንዲት ኤሊ ብትገኝ አለቀልን። ፈልጊ!»

ምላጭ ይዤ ስፈልግ ዋልኩ። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ የቦሳ ኪቶ ቀበሌ ካርታ እጄ ገባ። እኔ የነደፍኩት፣ እኔ የፈረምኩበት ነው። ከወንዙ ዳር አንዲት ኤሊ ቁጭ ብላለች። የጣሰው እጅ ናት፤ እሱ ጭራዋን ጠምዘዝ አድርጎ ነው የሚስለው፣ እኔ ጭራ አልስልም። ሁለት ወር ሙሉ አላየኋትም። «ሌላ ቦታ የለም» ሲል ግን ይቺ በኔ ፊርማ ሥር እንዳለች ያውቅ ነበር።

ይህን ካርታ ካድሬው ከያዘው የጊንጆ ካርታ ጎን አስቀምጬ «እዩት፣ እጃችን ይለያያል። የጊንጆዋን የሳልኩት እኔ ነኝ» ብል ይለቁት ይሆናል። ካድሬው ጋ ለመድረስ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ተነሳሁ፤ በሩ ድረስም ሄድኩ። ከውጭ የመኪና ድምፅ ሰማሁና ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ፈሪ ነኝ። ወረቀቱ እስኪሳሳ ድረስ ፋቅኳት።

በማግስቱ ፈትሸው ምንም አላገኙም። ጣሰው ግን አልተመለሰም። ኮቱ ሚስቱ መጥታ እስክትወስደው ድረስ ወንበሩ ላይ ነበር፤ አጣጥፌ የሰጠኋት እኔ ነኝ።