የደፈረሰው ጠርሙስ

የጤና ረዳቷ የሺሀረግ የግሉኮሱን ጠርሙስ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችው። ከጥጥ የተመዘዘ ክር የመሰለ ነጭ ነገር በፈሳሹ ውስጥ ይንሳፈፋል። ነቀነቀችው፤ ክሩ ተበትኖ እንደገና ተሰበሰበ። ሁለተኛውን አነሳች፤ ያው ነው። የሦስተኛው የጎማ ክዳን ተሰንጥቆ ፈሳሹ ካርቶኑን አርሶታል።

ከኋላዋ በቀርከሃው አልጋ ላይ ብዙወርቅ ተጋድማለች። ካለፈው ማታ ጀምሮ ተቅማጡና ትውከቱ አልቆመላትም። ዓይኖቿ ጎድጉደዋል፤ የእጇ ቆዳ ቆንጠጥ አድርገው ሲለቁት ተሸብሽቦ ይቀራል።

"ሲስተር፣ ምን ትጠብቂያለሽ? ግሉኮሱን ስቀይላት እንጂ!" አለ ባሏ ሀብቱ ከራስጌዋ ቆሞ።

የሺሀረግ ጠርሙሱን እንደያዘች አልጋውን ተመለከተች። በዚሁ አልጋ ላይ ከሦስት ቀን በፊት የሀብቱ አባት አቶ በቃሉ ተኝተው ነበር። የወሎን ድርቅ አልፈው፣ ለሰፈራ እስከ አሶሳ አውራጃ ተጭነው መጥተው፣ በዚህ ክረምት በተቅማጥ ደክመው ሲገቡ ከዚሁ ካርቶን አንድ ጠርሙስ ሰቀለችላቸው። ግማሹ ሳይገባ ጥርሳቸው እስኪንገጫገጭ ተንቀጠቀጡ። ወባ ነው ብላ ብርድ ልብስ ደረበችላቸው። ሳይነጋ አረፉ። የዚያን ቀን ወረፋው ከበር ውጪ ተርፎ ነበር፤ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስታ አላየችውም።

የመንደሩ ካድሬ ጓድ መርጋ ጭቃውን እያራገፈ ገባ። "ምንድነው የሚያዘገይሽ?"

"መድኃኒቱ ተበላሽቷል፣ ጓድ።"

"ታሽጎ፣ ማኅተም ተመቶበት ነው የመጣው። ባለፈው ሳምንት የተረከብሽው ራስሽ ነሽ። ዛሬ ተበላሸ ስትዪ ሕዝቡ ምን ይላል? አሻጥር የሚባል ነገር እንዳለ ታውቂያለሽ አይደል?"

በዚያች ቃል ተወስደው ያልተመለሱ ሰዎች ታውቃለች። ዝም ብትል ይሻላት ነበር፤ ሀብቱ ግን መርፌውን ራሱ ሊያነሳ እጁን ዘረጋ።

"ሀብቱ፣ ተው!" አለችው። "አባትህን ያንቀጠቀጣቸው ይሄ ሳይሆን አይቀርም። ወባ መስሎኝ ነበር። ሳላየው ነው የሰጠኋቸው። እኔ ነኝ የሰጠኋቸው።"

የሀብቱ ፊት ገረጣ፤ የአልጋውን ጠርዝ ጨብጦ ያዘ።

"እና አሁን አንቺን ልመን?" አለ።

"እኔን አትመን። በዓይንህ እይ።" ጠርሙሱን አቀበለችው።

ሀብቱ ወደ መስኮቱ ሄዶ ረጅም ጊዜ ተመለከተ። ከዚያ ለመርጋ ሰጠው። መርጋም አየ። ኮፍያውን አውልቆ ግንባሩን ጠረገና "ለአሶሳ ሆስፒታል ጻፊ፤ እፈርማለሁ። ኃላፊነቱ ግን ያንቺ ነው" አለ።

ደብዳቤውን ማን ያድርስ? የመንደሩ ትራክተር ከትናንት ጀምሮ ጭቃ ውስጥ ሰምጧል። ለሚስቱ የወባ ክኒን ሊወስድ የመጣው የአካባቢው ተወላጅ፣ የበርታ ገበሬው ጁምዓ፣ በር ላይ ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል።

"በጫካ አቋራጭ አለ" አለ በተሰባበረ አማርኛ። "እኔ በፍጥነት ይሄዳል። ሴትዮው እስክመለስ ይቆያል?"

"አላውቅም፣ ጁምዓ።"

"ኢንሻአላህ ይቆያል።" ደብዳቤውንና አንዱን የደፈረሰ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልሎ ወጣ።

የሺሀረግ ውኃ አፍልታ አቀዘቀዘች፤ ስኳርና ጨው ለክታ በጠበጠች። አንድ ማንኪያ ለብዙወርቅ አጠጣቻት። አስመለሳት። ጥቂት ጠብቃ ደገመችላት። ያም ወጣ። ሦስተኛው ቀረ። ማንኪያውን ለሀብቱ ሰጠችውና እሷ የብዙወርቅን የእጅ አንጓ ይዛ የልብ ምቷን ትፈልግ ጀመር። አንዳንዴ ጣቷ ሥር ትር ይላል፤ አንዳንዴ ደግሞ ይጠፋባትና የራሷን ልብ ብቻ ትሰማለች። ዝናቡ ጣለ። ወንዙ ሞልቶ ቢሆንስ? ጠርሙሱ ቢሰበርስ? አሶሳ ያለውም ከዚያው ጭነት ቢሆንስ? ስድስት ሰዓት ሆነ፤ ስምንትም አለፈ። ሀብቱ ማንኪያውን አላስቀመጠም።

ጁምዓ ከአሥር ሰዓት በኋላ እስከ ወገቡ ርሶ ደረሰ። ከሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት አራት ጠርሙስና አንዲት ወረቀት ይዟል። "የላክሽው ተበክሏል። ከዚያ ካርቶን ለማንም እንዳትሰጪ፤ የቀረውን አሽገሽ ላኪ" ይላል።

የሺሀረግ አራቱንም አንድ በአንድ ወደ ብርሃን አነሳች፤ ክዳናቸውን በጣቷ ዳሰሰች፤ የተጻፈባቸውን ቀን አነበበች። ጥርት ያሉ ነበሩ። ያም ሆኖ መርፌውን የብዙወርቅ ክንድ ላይ ካስገባች በኋላ እያንዳንዷን ጠብታ በፍርሃት ተመለከተች። ብርድ ብርድ ይላት ይሆን? አሥር ደቂቃ። ሃያ። አልተንቀጠቀጠችም።

መስቀያው ተሰብሮ ስለነበር ሀብቱ ጠርሙሱን በእጁ ከፍ አድርጎ ቆመ። ሁለተኛው ሊያልቅ ሲል ብዙወርቅ ዓይኗን ገልጣ ውኃ ጠየቀች። የሺሀረግ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች።

"ስለ አባትህ..." ብላ ጀመረች ወደ እሱ ስትመለስ።

"አሁን አይደለም፣ ሲስተር" አለ ሀብቱ። ዓይኑን ከጠብታው አልነቀለም። "ይሄ ሊያልቅ ነው። ሌላውን አምጪ።"