የሚዮሪ የዘገየ መልስ

የኩዜ ቶዋኮ ግራ ጆሮ መስማት ካቆመ ሰባት ወር ሆኖታል። ይህን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እሷና ሐኪሟ። አምሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ሠላሳውን የኖረችው በድምፅ ተዋናይነት ነው። በዚህ ሙያ ጆሮው ተጎዳ የተባለን ሰው ማንም ክፉ አይናገረውም። ስልኩ ብቻ ቀስ በቀስ መጮኹን ይተዋል።

በዚያ ክረምት በሚቀረጸው አኒሜ፣ የጃፓን የሥዕል ፊልም፣ የደረሳት ሚና ሚዮሪ የምትባል ሴት ናት። ሚዮሪ ዋና ገጸ ባሕርይ አይደለችም። የሰው ሐሳብ ትሰማለች፤ ጀግናዋ መንገድ ሲጠፋባት ብቅ ብላ ሁለት ቃል ተናግራ ትሄዳለች። ተመልካቹ ግን ወደዳት። ቶዋኮ በየሐሙሱ ወደ ስቱዲዮው ስትወርድ፣ አጠገቧ የተባለውን የማትሰማ ሴት የሰው ልብ የምትሰማ ሴት ሆና መጫወቷ ያስቃት ነበር፤ ሳቁ ግን ከጉሮሮዋ አያልፍም።

እስካሁን ያዳናት አቋቋሟ ነው። ለአሥራ አንድ ተዋናይ ያሉት ማይክሮፎኖች አራት ናቸው። ተራው የደረሰ ኮሽ ሳይል ተነሥቶ ይቀርባል፣ የጨረሰ ኮሽ ሳይል ይመለሳል። ቶዋኮ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የግራውን ጥግ ያዘች። እዚያ ስትቆም ግራዋ ግድግዳ ነው፤ ሰው ሁሉ በደህናው ጆሮዋ በኩል ይሆናል።

ዘጠነኛው ክፍል ሚዮሪ ከታሪኩ የምትሰናበትበት ነው። ጠላቷ እስር ቤት ሆኖ በሐሳቡ ይጠራታል፤ እሷም በሐሳብ ትመልስለታለች። ሌላ ጊዜ ከፊታቸው ባለው ስክሪን በሚታየው ገና ባላለቀ ሥዕል ላይ የተናጋሪው ስም ብቅ ስለሚል ተራን ማወቅ ቀላል ነው። የድምፅ ዳይሬክተሩ ሺባታ ግን ለዚህ ትዕይንት ስሞቹን አስወጣቸው።

«እዚህ ጋ ከንፈር አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ ምልክት አልሰጣችሁም። ተደማመጡ» አለ ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ መስታወት ወዲያ ሆኖ።

ቶዋኮ ወደ ጥጓ ስታመራ የጀግናዋ ድምፅ የሆነችው ሂናሴ ኩሩሚ ከመሃሉ ማይክሮፎን ላይ ዘወር አለችላት። ገና ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው።

«ኩዜ ሳን፣ ዛሬ መሃል ይቁሙልኝ» አለቻት በአክብሮት መጠሪያው።

«ኧረ አይሆንም፣ ቦታሽ ነው። እኔ ዳር ይበቃኛል።»

«ዛሬ እኮ የእርስዎ ቀን ነው!»

«የእውነቴን ነው፣ ዳሩ ይሻለኛል።»

ሁሉም ፈገግ አሉ። ታላቅ ሰው ክብር ሲሰጠው ሁለቴ እምቢ ማለቱ ወግ ነው፤ ሰጪውም ካልጎተጎተ ነውር ይሆንበታል። የልብ እምቢታና የወግ እምቢታ ልብሳቸው አንድ ነው።

«ቶዋ፣ ይብቃሽ እንጂ!» አለ ጠላቷን የሚጫወተው ዳይሞን ሄይዞ፣ የሃያ ዓመት ወዳጇ። «ሙሽራ እንኳ እንዲህ አልተለመነችም።»

ሳቁባት። መሃል ቆመች። ዳይሞን ሄዶ የግራውን ጥግ ያዘ።

ቀዩ መብራት በራ። ቶዋኮ ሥዕሉን ስታይ ያልተቀለመ እስር ቤትና አንድ የተዘጋ ዓይን ብቻ ነበር። ዳይሞን በሹክሹክታ መናገር ነበረበት። ይናገር፣ አይናገር፣ አላወቀችም። በቀኟ ያለችው ኩሩሚ ትንፋሿን ስትይዝ አየች። ያን ጊዜ ዳይሞን ተናግሮ መልሷ እየተጠበቀ መሆኑ ገባት።

«ሰምቼሃለሁ» አለች።

መብራቱ ጠፋ። ዘግይታለች፤ ምን ያህል እንደሆነ ግን አታውቅም። ራሷን ወደ ጽሑፉ አቀርቅራ ፍርዷን ጠበቀች።

«ኩዜ ሳን» አለ ሺባታ። «ያቺ ዝምታ… ልታናግረው እንዳልፈለገች፣ ግን ልትተወውም እንዳልቻለች። ደራሲው ያልጻፈው ነገር ነው። ሁለተኛ ምዕራፍ ከተሠራ ሚዮሪን የማስቀራት አይመስለኝም።»

ሁሉም አጎነበሱላት። እሷም አጎነበሰች። ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም፣ ምናልባት ዝም ትል ነበር። ሥራ አገኘች፤ ማንን ጎዳች? ግን ኩሩሚ እርሳስ ይዛ ቀረበቻት።

«እባክዎ ያስተምሩኝ። ስንት ትንፋሽ ነው የቆዩት? ሦስት ነው ብዬ ጽፌአለሁ።»

ቶዋኮ በጽሑፉ ዳር የተጻፈውን ቁጥር አየች። ይህች ልጅ የሌለ ጥበብ ልትለማመድ ነው።

«የእኔ ብልሃት አይደለም። ዳይሞን ያለውን አልሰማሁትም» አለቻት።

ሳቅ ሆነ። «ሁልጊዜ ራስዎን ዝቅ እንዳደረጉ!» አለች ኩሩሚ፣ ጭራሽ በአድናቆት።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ ለካ አፍም እንደዚያው ኖሯል። ቶዋኮ ከመስታወቱ ወዲያ ያሉት እንዲሰሟት ወደ ማይክሮፎኑ ተመለሰች።

«ሺባታ ሳን፣ ግራ ጆሮዬ ከሞተ ሰባት ወሩ ነው። ጥጉን የምይዘው ለዚያ ነው። አሁን የገባሁት ኩሩሚ ትንፋሿን ስትይዝ አይቼ ነው። ወግ አይደለም የምናገረው።»

ማንም አልሳቀም። ዳይሞን ግን፣ «እኔ ደግሞ ያኮረፍሽኝ መስሎኝ!» አለ። «በግራሽ ተቀምጬ ቀልድ በነገርኩሽ ቁጥር ዝም!»

«ቀልድህ በቀኝም ያው ነው።»

ሺባታ ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ ወጥቶ ወደ እነሱ መጣ። ዳይሞንን በቀኟ አቆመው፤ እንደገና ተቀረጸ። አሁን ሹክሹክታውን ጥርት አድርጋ ሰማችው። እየሰሙ ዝም ማለት አለመስማትን አይመስልም፤ ምላሷ ቸኮለ። ያዘችው። ብዙ አልቻለችም። መለሰች።

ሺባታ ሁለቱንም አከታትሎ አሰማቸው።

«የትኛው ይሻላል?» ሲል ጠየቃት።

ዋሽታ ሁለተኛውን ብትመርጥ ማንም አይፈርድባትም ነበር። «የመጀመሪያው» አለች። «እሱን ይውሰዱ። ለሁለተኛው ምዕራፍ ከጠሩኝ ግን የምትመጣው እየሰማች የምትመልሰው ሁለተኛዋ ሚዮሪ ናት።»

ሺባታ ቆም ብሎ ግራና ቀኙን እንደሚለይ ሰው አራቱን ማይክሮፎኖች ተራ በተራ አያቸው። ከዚያ ወደ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ተመለሰና፣ «ኩዜ ሳን፣ ወደ ጥግዎ። ገጽ አርባ አንድ» አለ በድምፅ ማጉያው። ሁሉም ኮሽ ሳያደርጉ ገጹን ገለጡ።