የመጸዳጃ ቤቱ ቁልፍ

ሾፌሩ ውሃ መጠጣት የተወው አዲሱ የስምሪት ኃላፊ የተርሚናሉን መጸዳጃ ቤት ከቆለፈ ወዲህ ነው። ሰውየው «ሾፌሮች ያቆሽሹታል» አለና ቁልፉን ወገቡ ላይ አንጠለጠለው። የቸገረው ሾፌር በተሳፋሪ ፊት ቆሞ ይለምን ማለት ነው። እስቲ አስቡት፣ ዕድሜው አምሳን ያለፈ፣ ልጅ የዳረ ሰው ሽንቱን ለመሽናት ፈቃድ ሲጠይቅ!

ለወጣቶቹ ቀላል ነው፤ ከአጥሩ ጀርባ ሮጥ ብለው ይመለሳሉ። የእሱ ግን ፕሮስቴቱ አብጧል። ሲመጣበት ፋታ አይሰጠውም፤ ልሽና ሲል ደግሞ ጠብ ጠብ እያለ ያቆመዋል። ሐኪሟ መድኃኒት ሰጥታው፣ «ሽንትዎን አይያዙ፣ ውሃም አይተዉ፣ ኩላሊትዎ ይጎዳል» ብላ አስጠንቅቃዋለች። እሱም እሺ ብሎ ይወጣና መሪው ላይ ሲቀመጥ ከንፈሩ እስኪሰነጠቅ ይጠማል።

ሚስቱ ነገሩ ገብቷታል።

«ንገረው እንጂ ሰውዬ! ምን ያሳፍራል?»

«ምን ብዬ? ሽንቴ አስቸገረኝ ብዬ?»

«አዎ! ኩላሊትህ አልሠራ ሲል የማስታምምህ እኔ ነኝ፣ እሱ አይደለም።»

እውነቷን ነው። ግን እንዲህ ያለውን ነገር የሚናገርበት አፍ ከየት ያምጣ? ጭራሽ አንድ ቀን መንገድ ተዘጋግቶ አመለጠው። ለራዲያተር የያዘውን ውሃ ሱሪው ላይ ደፍቶ «ፈሰሰብኝ» ብሎ አለፈ። እቤቱ ሲገባ ሱሪውን ተደብቆ አጠበው።

በማግስቱ ተራው ደርሶ አውቶቡሱ ሲሞላ ሽንቱ ወጠረው። ወርዶ ኃላፊው ዘንድ ሄደ።

«ቁልፉን ስጠኝ።»

ኃላፊው ከስልኩ ቀና እንኳ አላለም። «ጋሼ፣ አሁን መውጫዎ ነው። ካልቻሉ ዳይፐር ይግዙ!»

በዙሪያው የቆሙት ሾፌሮች ሳቁ። ከሁሉ ጮክ ብሎ የሳቀው ደግሞ የሾፌሩ የዕድሜ እኩያ ነው፤ አፉ አያርፍምና «ፍሬን የለሽ» ይሉታል።

የሾፌሩ ደም ፈላ። የአውቶቡሱን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ።

«ፕሮስቴት አለብኝ!» አለ፣ ተሳፋሪው ሁሉ እስኪሰማ። «በሽታ ነው፣ ብልግና አይደለም። ትናንት ሱሪዬ ላይ አምልጦኛል። የመጸዳጃ ቤቱን ቁልፍ ካልሰጠኸኝ ይህ አውቶቡስ ንቅንቅ አይልም። እነዚህ ሰዎች ለምን እንደቆሙ አንተው አስረዳቸው!»

አንዲት እናት በመስኮት ብቅ ብለው «ኧረ ስጠው! አባት የለህም እንዴ?» ብለው ጮኹበት። ኃላፊው ፊቱ ጠቁሮ ቁልፉን ከወገቡ ፈታ።

ሾፌሩ ሳይቸኩል ተገላግሎ ሲወጣ ፍሬን የለሽ በሩ ላይ ቆሟል። ጠጋ ብሎ፣ «እንዳትመልሰው፣ ለኔ ስጠኝ» ሲል አንሾካሾከ።

«ምን አልክ?»

«ቁልፉን... እኔም እንዳንተው ነኝ።»

ይሄኔ ሾፌሩ ከቅድሙ ይበልጥ ተናደደ። «አልሰማሁህም! ስትስቅብኝ ድምፅህ እዚያ ማዶ ይሰማ ነበር። በዚያው ድምፅህ ተናገረው!»

ፍሬን የለሽ ወደ ሾፌሮቹ ዞረ።

«እኔም ሽንቴን መያዝ አልችልም!» አለ።

የሚስቅ ጠፋ። አንዱ አንገቱን ደፋ፣ ሌላው ጉሮሮውን ጠረገና መጥቶ ከፍሬን የለሽ ኋላ ተራ ያዘ። ሾፌሩ ቁልፉን ለፍሬን የለሽ ሰጠው። ኃላፊው እንዲመለስለት እጁን ዘርግቶ ቢጠብቅም ዞር ብሎ ያየው የለም።