ያመለጠው ፍትሐት

የሆሳዕና እሑድ ታዲዎስ ቂርቆስ ግቢ ውስጥ ነበር፤ ቅዳሴው ላይ ግን አልነበረም። ላንቻ ባለው የመኪና መለዋወጫ ሱቁ ሠላሳ ዓመት ደክሞ ባፈራው ገንዘብ፣ በቁሙ ለራሱ መቃብር አሠርቷል። ጥቁር እብነ በረድ ነው፤ ስሙ በወርቅ ቀለም ተጽፎበታል፣ የልደት ዘመኑም ከነሰረዙ ተቀርጿል። ድንጋዩ የተተከለው ቅዳሜ ስለነበር እስኪ አንዴ ልየው ብሎ ወደ ጓሮ ዞረ። በመሐረቡ አቧራውን ሲያብስ፣ ራቅ ብሎ ሲያደንቅ ሰዓቱ ነጎደበት። ሲመለስ ሰዉ ዘንባባውን ግንባሩ ላይ አስሮ እየወጣ ነበር።

ክው አለ። በሰሙነ ሕማማት ለሞተ ሰው ፍትሐት አይደረግም፤ በሳምንቱ ለሚሞቱት ሁሉ ጸሎቱ አስቀድሞ በሆሳዕና ይደርሳል። እሱ ደግሞ ያ ጸሎት ያመለጠው የገዛ መቃብሩን ሲወለውል ነው። እንዲህ ያለው ቂልነት ለማን ይወራል?

በቃ፣ እስከ ፋሲካ ላለመሞት ወሰነ። ሰኞ ሱቁን ዘጋ። ማክሰኞ ኦሎምፒያ ላይ አስፋልት መሻገር ፈርቶ ከመንገድ ተመለሰ። ሐሙስ ጉልባን ሲቀርብለት እንዳያንቀው ባቄላውን አንድ በአንድ ያኝክ ጀመር። ሚስቱ ሀብትነሽ ሳቋ ስላመለጣት ተነሥታ ወጣች። እሱ ግን ከልቡ ፈርቶ ነበር። ለሬሳው ያን ያህል ሲደግስ ለነፍሱ አንዳች እንዳላሰናዳ የገባው ገና በዚያ ሳምንት ነው።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ሀብትነሽ እየጎተተች እትዬ አልጋነሽ ዘንድ ወሰደችው። እትዬ አልጋነሽ የሰው ልብስ እያጠቡ የኖሩ፣ ካዛንቺስ ግድግዳ የሚጋሯቸው አሮጊት ናቸው። እሑድ በሰው ተደግፈው ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ከመጡ ወዲህ ከአልጋ አልወረዱም፤ ፊታቸው ግን እንደ ሙሽራ ያበራል። ታዲዎስ እያፈረ ጉዱን ነገራቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ።

«እሑድ ዞር ብዬ ሳጣህ ስምህን ከስሜ ጋር ጠርቼልሃለሁ» አሉት። «አትሞትም ማለቴ ግን አይደለም። ብትሞትም ትነሣለህ ነው የምልህ።»

ታዲዎስ እንባው መጣ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እሳቸውስ የት ማረፍ እንደሚፈልጉ ጠየቃቸው።

«የትም ይሁን። የሚጠራኝ ጌታ አድራሻዬን አያጣውም» አሉት።

ዓርብ ጠዋት ስግደቱ ሳይጀመር ዐረፉ። ከሰዓት በኋላ የእድሩ ዳኛ ዲሪባ ሰዉን ሰብስቦ፣ ቂርቆስ ግቢ ቦታ ስለሞላ ከከተማ ወጣ ብለን እንቀብራቸዋለን አለ። ለቀስተኛው ተስማማ። ታዲዎስ አንድ ጊዜ ያ ሁሉ ልፋቱ ዐይኑ ላይ ድቅን አለበት፤ ደግሞ የአሮጊቷ ሳቅ ጆሮው ላይ መጣ። ከዚያ ከተቀመጠበት ተነሣ።

«ቦታ አለ» አለ። «የኔ ባዶ ነው።»

ዲሪባ ቀልድ መስሎት ነበር። ድንጋዩ ላይ እኮ የእርስዎ ስም አለበት ቢለው፣ ይፋቅ አለ። ሀብትነሽ ባሏን ትክ ብላ አየችው፤ ካገባችው ጀምሮ እንደዚያ ቀን ኮርታበት አታውቅም።

«እርስዎስ ታዲያ የት ሊያርፉ ነው፣ ጋሽ ታዲዎስ?» አለ ዲሪባ።

ታዲዎስ በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

«የተገኘው ቦታ ጣል አርጉኝ። እትዬ አልጋነሽ ቀድመው ከተነሡ መቼም ሳይቀሰቅሱኝ አያልፉም።»