ለፍቅረ ሥላሴ የተገዛ ጧፍ

ዓለም ከተማ ውስጥ ሠላሳ ዓመት መካኒክ ሆኜ ስኖር ከሰው ይልቅ ብረት ይስማማኝ ነበር። ሰው ይነዘንዛል፤ ብረት ቢያስቸግርም አፍ የለውም። እንደዚያ ነበር የማስበው።

ጌታነሽ የሟች ባሏን መኪና አስጎትታ ደጄ ያቆመችው ኅዳር በገባ በሦስተኛው ቀን ነው። ባሏ ፍቅረ ሥላሴ ጓደኛዬ ነበር። ጀማ ቁልቁለት ላይ ከነመኪናው ገደል ከገባ ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ሆኖታል። መኪናዋ ያን ጊዜ ሁሉ ጓሮ ውስጥ ዝናብ ሲወርድባት፣ ዶሮ ሲያድርባት ኖራለች።

"አፈወርቅ ወንድሜ፣ ባሌስትራዋን ለውጥልኝ" አለችኝ። "ሌላው ሌላው ተሠርቷል። ተነስታ ለገበያተኛ ታገልግል። አሁንማ የሰፈሩ ልጆች እንኳ 'የሰካራሙ መኪና' ነው የሚሏት።"

ባሌስትራ የመኪና ወገብ ነው፤ ጭነቱን ሁሉ የሚችለው ያ የተደራረበ ብረት ነው። ለመለወጥ ደግሞ የያዙትን ቡሎኖች መፍታት ግድ ነው። እምቢ የምልበት ሰበብ ፈለግሁ፤ አጣሁ። በቤቷ በኩል ላለማለፍ ሁለት ዓመት ሙሉ በላይኛው መንገድ ስዞር ኖሬ፣ እሷው ራሷ መጣችብኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። በሞተበት ዓመት ፋሲካ ሲቃረብ ፍቅረ ሥላሴ መኪናዋ ከፊት በግራ በኩል ትንቋቋለች ብሎ መጣ። ባሌስትራውን የያዘው ቡሎን ተበልቶ፣ በዚያ ላይ ዝጎ ነክሷል። ዝገት የነከሰው ቡሎን ትዕግሥት ይፈልጋል። ናፍጣ ታጠጣዋለህ፣ ታሳድረዋለህ፣ በእሳት ታግለዋለህ፣ ከመፍታትህ በፊት ጥቂት ታጠብቀዋለህ። ቀኑ ግን የገበያ ቀን ነበር፤ ስድስት መኪና ተሰልፎ ይጠብቀኛል። በግራይንደር ቆረጥኩትና በምትኩ የቤት መሥሪያ ፌሮ ሰክቼ እንደ ቡሎን ራስ እንዲሆነው ጫፍና ጫፉን በየድኩት።

"ይኼ ይችላል?" አለኝ።

"ከፋብሪካው ይበልጣል!" አልኩት።

እየሳቀ ሄደ። ደህናውን ቡሎን ከአዲስ አበባ አስመጣልሃለሁ ብዬው ነበር፤ አላስመጣሁም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልነበረም።

ከሁለት ወር በኋላ ሰኔ ሚካኤል ሆነ። የሚካኤል ጽዋ ማኅበርተኞች አሥራ ሁለት ነበርን፤ ጽዋው በየወሩ ከቤት ቤት ይዞራል። ያን ቀን ፍቅረ ሥላሴ ከማኅበሩ ወጥቶ ሲነዳ፣ ተገኘ የሚባለው የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለት መሪያችን፣ አጠገቡ ተቀምጦ ነበር። ገደል ገቡ፤ ፍቅረ ሥላሴ በማግሥቱ ሞተ። ተገኘ እግሩን ተሰብሮ ተረፈ።

"ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ" አለ ተገኘ፣ "መኪናዋን ዝም ብሎ ወደ ገደሉ አዞራት። ጠጥቶ ነበር።"

ጠላ ቀምሶ ሲወጣ ሁላችንም አይተነዋልና አመንን። ገደል የገባ መኪና ምኑ ሳይሰበር ይቀራል? አጎንብሶ ቡሎን ያየ ሰው አልነበረም። እኔ ጠረጠርኩ። ሄጄ ግን አላየሁም።

ከዚያ ወዲህ ጽዋው የጌታነሽን ቤት ይዘል ጀመር። የነሱ ተራ ኅዳር ነበር። ክፉ ቃል የተናገረ የለም፤ ጥቅምት ላይ ጽዋው ሲወጣ ብቻ ለሌላ ይሰጣል። ዘንድሮ ሦስተኛው ነው። ሦስቱንም ጊዜ እዚያው ተቀምጬ ዳቦዬን በልቻለሁ።

ሥራውን ከቀኙ ጀመርኩ። የቀኙ ቡሎኖች ዝገታቸው ዝገት ብቻ ነው፤ ምስጢር የለባቸውም። ናፍጣ አጠጥቼ አሳደርኳቸው፣ በመዶሻ ጎን ጎናቸውን መታሁ፤ በሁለተኛው ቀን ተፈቱ። ጌታነሽ በየቀኑ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እየመጣች አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። በሦስተኛው ቀን የፊት ግራው ብቻ ቀረ።

"እሱን ቁረጠውና ተገላገል እንጂ" አለችኝ። "ምን ያለፋሃል?"

እሷው ራሷ ፈቀደችልኝ! ግራይንደሩን አነሳሁ። የአንድ አፍታ ሥራ ነው። ፌሮው ብናኝ ይሆናል፣ አዲስ ቡሎን ይገባል፣ እኔም ስሞት በክብር እቀበራለሁ። ግራይንደሩ መጮኽ ሲጀምር ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁና አጠፋሁት።

"ምን አልሽኝ?"

"ዘንድሮም አለፋችሁኝ ነው የምልህ። ጌሾዬን ወቅጬ፣ ብቅሌን አስፈጭቼ ስጠብቅ ነበር። አንተ እንኳ አንድ ቃል ብትተነፍስ ምን ነበረበት? ጓደኛው አልነበርክም?"

ተቆጥታ ብትናገር እኔም እጮኽባት ነበር፤ አመሌ ነው። እሷ ግን የሰለቸው ሰው እንደሚናገር ነው የተናገረችው። ግራይንደሩን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

"ይኼኛው አይቆረጥም" አልኳት። "ጧፍ ይዘሻል?"

የጋለ ብረት ላይ ጧፍ ሲያስነኩ ሰሙ ቀልጦ ናፍጣ የማይደርስበት ድረስ ዘልቆ ይገባል። የነጠላዋን ጫፍ ፈታች፤ አንድ ጧፍ አወጣች።

"ለሱ ላበራለት የገዛሁት ነው" አለች። "ውሰደው። መኪናውም የሱ ነው።"

በብየዳው እሳት አጋልኩት፣ ጧፉን አስጠጋሁ፤ ሰሙ እየጨሰ ወደ ውስጥ ገባ። ደግሞ አጋልኩ፣ ደግሞ አስጠጋሁ። ጫፉን በቁልፍ ይዤ ወዲህና ወዲያ ታገልኩት። ከቀትር በኋላ ተንቋቅቶ ዞረ። ሁለት ቁራጭ ሆኖ ወጣ።

በጨርቅ ጠርጌ ስብራቱን አየሁት። ከግማሽ በላዩ ቅባት የጠጣ ጥቁር ነው፤ ገደሉ ሳይመጣ በፊት ብዙ ቀን ሲሰነጠቅ ከርሟል ማለት ነው። ቡሎኑ ሲበጠስ በዚያ በኩል ያለው ጎማ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ መኪናው በራሱ ይዞራል። ውሃ ብቻ የጠጣ ሾፌርም ቢሆን አይመልሰውም።

መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አንድ ሳላስቀር ነገርኳት።

"ፌሮ?" አለች። ቁራጮቹን ተቀብላ ብዙ አገላበጠቻቸው። ከዚያ መለሰችልኝና ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች። ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር ሚካኤል ዕለት ማኅበሩ ተሰበሰበ። አባ አትናቴዎስ ዳቦውን ሊባርኩ ሲሉ ተነሳሁ፤ ሁለቱን ቁራጭ ከጽዋው አጠገብ አኖርኩ። ሁሉንም ተናገርኩ። ተገኘ አንዱን ቁራጭ አንስቶ ስብራቱን በጣቱ ዳሰሰው፤ ምርኩዙ ከእጁ ወደቀ።

"ሰካራም ያልኩት እኔ ነኝ" አለ። ወደ እኔም ዞረ። "ጽዋው እዚያ ቤት ይገባል። አንተ ከማኅበሩ ትወጣለህ።"

ሲያንሰኝ ነው።

ጽዋውን ተገኘ ራሱ እያነከሰ ተሸከመው፤ ማኅበርተኛው እየዘመረ ሸኘ። እኔም ከኋላ ተከተልኩ፤ የከለከለኝ የለም። ጌታነሽ ደጇ ላይ ቆማ ነበር። ጽዋውን ተሳልማ ተቀበለች። ሴቶቹ እልል አሉ። ተገኘ እግሯ ላይ ሊወድቅ ሲል ያዘችው።

"ይቅር ለእግዜር" አለችው።

ከዚያ በዓይኗ እኔን ፈለገች። ልትረግመኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

"ፍቅረ ሥላሴ ሊሞት ያን ሌሊት እጄን ይዞ ነው ያደረው" አለች። "'ጌታነሽ፣ መሪው አልታዘዘኝም፤ አልሰከርኩም' ይለኛል። ደግሞ ይለኛል። እኔ ምን አልኩት መሰላችሁ? 'ከሞት አፋፍ ላይ ሆነህ እንኳ አትዋሽ' አልኩት። ከዚያ ወዲያ አልተናገረም።"

እልልታው ቆመ። ጽዋውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች።

"እናንተስ ያላችሁትን መለሳችሁለት፤ ተመስገን። እኔ ያልኩትን ለማን ልመልስ?"

እኔ እጄን ኪሴ ከተትኩ፤ የዚያ ጧፍ ቁራጭ ነበረኝ፣ ናፍጣና ጥላሸት የነካው። ቀረብ ብዬ ዘረጋሁላት። በእጄ ያለውን አይታ አወቀችው።

ተቀበለችኝ። ጽዋውን ይዛ ገባችና ለፍቅረ ሥላሴ አበራችለት።