ለእናቴ ዓይን የተመረጠ ፕሪንተር

እኔ ዕቃ አውቃለሁ ባይ ነኝ። ናይሮቢ ውስጥ ጊጊሪ ካሉት የውጭ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ዘጠኝ ዓመት በዕቃ ግምጃ ቤት ሠርቻለሁ፤ ከወንበር እስከ ጄኔሬተር አገላብጬ ሳላይ አልረከብም። ቁጣም አለብኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ብዬ ነው።

እናቴ ብዙነሽ ሳውዝ ሲ ውስጥ ከእኔ ጋር ትኖራለች። ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ እህቶች እኛ ሳሎን ተሰብስበው ይጸልያሉ። የጸሎት ርዕሱን የምታነበው እሷ ናት፤ የማን ልጅ ታመመ፣ የማን የውጭ ጉዞ ፕሮሰስ ዘገየ፣ ማን ሥራ አጣ፣ ሁሉም በስሙ ይጠራል። እናቴ ፊደል የቆጠረችው በአርባ ዓመቷ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ስለዚህ ሰው ፊት ማንበብ ለእሷ ማዕረጓ ነው።

ዓይኗ ግን እየደከመ ሄደ። ሐኪሙ ከዚህ ወዲያ መነጽር ብዙም አይረዳትም፣ ፊደሉን ማተለቅ ይሻላል አለን። እሷ ታዲያ ለማንም ሳትናገር ዝርዝሩን በቃሏ መያዝ ጀመረች። ወረቀቱን ትዘረጋለች፣ ጣቷን ታስኬዳለች፣ ስሞቹን ግን ከልቧ ነው የምትጠራው። እኔ አውቅ ነበር፤ ዝም አልኩ።

አንድ ማክሰኞ፣ «የእህታችን የየሺወርቅ ቪዛ እንዲወጣ» ብላ አነበበች። የሺወርቅ ካናዳ ከገባች ሦስት ሳምንት ሆኗታል። ሴቶቹ ሳቁ፤ እናቴም አብራ ሳቀች። የባሰው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በዚያ ሳምንት ዝርዝሩ ላይ አዲስ የተጻፈው የአስካለ ቀዶ ጥገና ሳይጠራ ቀረ። አስካለ ደግሞ እዚያው፣ ከእናቴ አጠገብ ተቀምጣ ነበር።

በማግስቱ የጸሎት ኅብረቱ መሪ ወርቂቱ ደወለችልኝ።

«ሕዝቅያስ፣ እማማ እንዳይከፋቸው ፈርቼ ነው እንጂ... ከሚመጣው ማክሰኞ ጀምሮ ከእህቶች ሳምራዊት ብታነብ ምን ይመስልሃል?»

«አንድ ዕድል ስጪኝ፤ በትልልቅ ፊደል አትሜ ልስጣት» አልኩ።

«እስከ ማክሰኞ ከሆነ ጥሩ» አለችኝ።

መጀመሪያ ሳይበር ካፌ ሄድኩ። የእኛ ፊደል እነሱ ኮምፒውተር ላይ የለም፤ የወጣው ወረቀት ዶሮ የጫረችው ይመስል ነበር። ዝርዝሩም በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ የራሳችን ፕሪንተር እንደሚያስፈልገን ገባኝ። ቤታችን ዊንዶውስ 98 የተጫነበት ሽማግሌ ኮምፒውተር አለ፤ የአማርኛ ፊደልም አለው።

በዚያው ሰሞን ከመሥሪያ ቤታችን አንድ ፈረንጅ አገሩ ሊገባ ዕቃውን እየሸጠ ነበር። ፕሪንተሩ አዲስ ነው፣ ከበድ ይላል፣ ከነካርቶኑ ነው። በእሱ ላፕቶፕ ሞከርነው፤ የዝሆን ፎቶ ከነአቧራው አተመልኝ። ተከራክሬ ዋጋ አስቀነስኩና ድል እንዳደረገ ሰው ተሸክሜው ገባሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ማን አስታውሶ!

ቤት ገብቼ ዲስኩን ስከት ኮምፒውተሩ አልቀበልም አለ። ይህ ፕሪንተር የሚሠራው ከአዲሱ ዊንዶውስ፣ ከኤክስፒ ጋር ብቻ ነው የሚል ጽሑፍ መጣ። ነቀልኩ፣ ሰካሁ፣ አጠፋሁ፣ አበራሁ። ለፈረንጁ ስደውል ስልኩ ተዘግቷል፤ ሰውዬው በሯል። ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁት።

«ምን ይላል?» አለች እናቴ።

«ኮምፒውተራችሁ አርጅቷል ይላል!»

«እኔ ደግሞ ለእኔ መስሎኝ» ብላ ሳቅ አለች።

ያኔ ነው አፌን መያዝ ያቃተኝ። «አንቺም በቃልሽ እየጠራሽ አነበብኩ ባትዪ ኖሮ እዚህ ጣጣ ውስጥ ባልገባን ነበር!»

እናቴ መነጽሯን አወለቀች። «ታውቅ ነበር?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«ሁሉም ያውቃል።»

ከዘራዋን አንሥታ ወደ ክፍሏ ገባች። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

ጠዋት ይቅርታ ልጠይቅ ስጠጋ ቀደመችኝ። ፕሪንተሩን በከዘራዋ እየጠቆመች፣ «ለመሆኑ እነዚህን ሁለቱን ሳታስተያይ ነው ያጋባሃቸው?» አለች። «ሽማግሌ ሲላክ የሁለቱንም ወገን ይጠይቃል። አንተ የፈረንጁን ማሽን ጠየቅህ፤ የእኛን ኮምፒውተር ማን ጠየቀው?»

ዕቃ ዐዋቂው ልጇ ይቅርታዬን እንደያዝኩ ተነሣሁ። ፕሪንተሩን ለጎረቤታችን ለጫላ ወሰድኩለት። ከእሱ አዲስ ኮምፒውተር ጋር ሲገናኝ በአምስት ደቂቃ ተግባቡ፤ የገዛሁበትን ከፍሎ አስቀረው።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ገበያ ልንሄድ ተነሣን። እናቴ ስትለብስ እኔ ዝርዝሩን ከፈትኩና ፊደሉን አተለቅሁት። መሐል ላይ ደግሞ እሷ የማታውቀውን አንድ መስመር ጨመርኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ ማክሰኞ እህቶች ፊት ከመቅረቧ በፊት በእርግጥ ማንበቧን ማወቅ ነበረብኝ። ከዚያ የኮምፒውተሩን ሳጥን ነቅዬ በጋቢ ጠቀለልኩት። ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ላይ ሂሳብ ሰብሳቢው ማካንጋ ጥቅሉን አይቶ የአንድ ሰው ሂሳብ ጨምር አለኝ፤ እናቴ «ይክፈል፣ ሙሽራ ነው» አለች በአማርኛ። እሱ ምንም ባይገባውም ሳቀ።

ዌስትላንድስ አንድ የኮምፒውተር ዕቃ ሱቅ ገባን፤ ሻጯ ዋምቡዪ ትባላለች። ጋቢውን ስፈታ፣ «ፕሪንተር ሊገዛ ኮምፒውተር ተሸክሞ የመጣ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው» አለች። «ካሪቡ ማማ»፣ እንኳን ደህና መጡ ብላ ለእናቴ ወንበር ሰጠቻት።

የመጀመሪያው ፕሪንተር ከእኛ ሽማግሌ ጋር ጨርሶ አልተነጋገረም። ሁለተኛው አተመ፤ ነገር ግን ቀለሙ ሣሣ ያለ ነው። የቀለሙን ዋጋ ስጠይቅ ደግሞ ሁለት ጊዜ ቀለም ከመግዛት ሌላ ማሽን መግዛት ይቀላል። ሦስተኛው ትንሽ ጥቁርና ነጭ ሌዘር ነበር፤ ዲስኩ ለ98ም ለኤክስፒም ይሆናል። አተመና ወረቀቱን ለእናቴ ሰጠኋት።

«ይሄ የማን ቋንቋ ነው?» አለች።

እውነቷን ነው፤ በእኛ ፊደል ፋንታ በራሱ ፊደል ሞልቶት ወጥቷል። ደሜ ፈላ። ዋምቡዪ ግን «ንጎጃ ኪዶጎ»፣ ትንሽ ጠብቅ ብላ አስታገሠችኝ። ፕሪንተሩ ፊደሉን እንደ ሥዕል አድርጎ እንዲያትም የሚታዘዝበትን ቦታ ኮምፒውተሩ ላይ ፈልጋ ምልክት አደረገችበት፤ እንደገና አተመች።

ወረቀቱ ወጣ። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ጥርት ያለ አማርኛ። እናቴ መነጽሯን አስተካክላ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዞረች። እንደ ማክሰኞው አልተንቆረቆረላትም፤ አንድ በአንድ፣ በጣቷ እየተከተለች ነበር የምታነበው።

«አስካለ፦ ቀዶ ጥገናዋ... በሰላም እንዲጠናቀቅ። ባንታየሁ፦ የመኖሪያ ፈቃዱ እንዲታደስ።» ጣቷ ወደ ቀጣዩ መስመር ወረደ። «ሕዝቅያስ፦...»

ቆመች። እኔ መደርደሪያ ላይ ያሉትን ካርቶኖች መቁጠር ጀመርኩ።

«ሕዝቅያስ፦ ትዕግሥት እንዲሰጠው። እናቱም ይቅር እንድትለው።»

ዋምቡዪ ምን እንደተባለ ባታውቅም እኔንና እናቴን እያፈራረቀች አየችን። እናቴ መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፤ ዓይኗንም አብራ ጠረገች። የእኔንማ አትጠይቁኝ።

«ይሄ ዝርዝሩ ላይ አልነበረም» አለች።

«አልነበረም፣ እማዬ።»

«እህቶች ፊት ላንብበው?»

«አንብቢው።»

ትንሽ አሰበችና ጣቷን መስመሩ ላይ መልሳ አሳረፈች። «ይቅርታውን ሰርዘው። የተመለሰ ጸሎት ዝርዝር ላይ አይቆይም፤ በየሺወርቅ ተምሬያለሁ።» ከዚያ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወደ ፕሪንተሩ በአገጯ አመለከተች። «ትዕግሥቱን ግን ተወው። ለእሱ ወረቀት በርከት አድርገህ ግዛ።»