እምቢታ አሥራ አንድ

ወንድሜን በቀበርን በሦስተኛው ሳምንት የልብስ እጥበት ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ቢሮው አስጠራኝ። እኔ እዚያው ልብስ ተኳሽ ነኝ፤ ወንድሜ የቤቱ ኤሌክትሪሺያን ነበር። ኤሌክትሪክ መሞከሪያ ቴስተሩን ከጆሮው ላይ ስለማያወርድ ሁሉም «ቴስተር» ይሉት ነበር። ማድረቂያው ክፍል እሳት ሲነሳ ዋናውን የኤሌክትሪክ ማጥፊያ ሊያወርድ ገባ፤ አልወጣም።

ጠረጴዛው ላይ የተተየበ ወረቀት አለ፦ «አደጋው የደረሰው በሟች ቸልተኝነት መሆኑን ቤተሰቡ ያምናል።»

«ለእናትሽም ሆነሽ ፈርሚ» አለኝ።

«ወንድሜ ቸልተኛ አልነበረም።»

«አሻፈረኝ ባይም ጭምር ነበር እንጂ!» የወንድሜን ደብተር ከመሳቢያ አወጣና ለአደጋው ምርመራ መጥቶ አጠገቡ ወደተቀመጠው ቴክኒሻን ገፋው። «በገዛ እጁ የጻፈውን ያንብቡት። ‹እምቢታ ሃያ ሁለት›። ቀጥሎ ‹እምቢታ አሥራ አንድ›። ስንት ጊዜ እንዳመፀብኝ እየቆጠረ ይመዘግብ ነበር!»

ሳቄ አመለጠኝ። ከሞተ ወዲህ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው።

ወንድሜ ከስድስተኛ ክፍል አልዘለለም። «ሬዚስታንስ» የሚለው ቃል አፉ ላይ አልገባ ቢለው «እምቢታ» አለው። እሁድ እሁድ አጠገቡ ቁጭ አድርጎ ያስረዳኝ ነበር፦ «እህትዓለም፣ ቮልቴጅ ገፊው ነው። ከረንት ሂያጁ ነው። እምቢታ አላሳልፍም ባዩ። ገፊውን ለሂያጁ ስታካፍይ እምቢታው ይወጣልሻል።»

«ሁለቱን ባባዛቸውስ?»

«ጉልበቱ ነዋ!»

ብዕር አነሳሁ።

«አንዱ ማድረቂያ አሥር አምፔር ይስብ ነበር። ሁለት መቶ ሃያ ቮልት ለአሥር ሲካፈል ሃያ ሁለት። ሁለተኛው እዚያው ሽቦ ላይ ሲቀጠል ሃያ አምፔር ሆነ። ሁለት መቶ ሃያ ለሃያ፣ አሥራ አንድ። እምቢታው ሲያንስ የሚያልፈው ይበዛል፤ ጉልበቱም ከሁለት ሺህ ሁለት መቶ ዋት ወደ አራት ሺህ አራት መቶ ወጣ። ሽቦው ግን የሚችለው አሥራ አምስት አምፔር ነው። ወንድሜ እምቢ ያለዎት አንዴ ብቻ ነው፤ ‹በዚህ ሽቦ ሁለተኛ አልቀጥልም› ብሎ። ሌላ ሰው አምጥተው አስቀጠሉ። ፊውዙ ሲቃጠልም ቶሎ በማይቆርጥ ትልቅ አስቀየሩት።»

«ልብስ ተኳሽ ኤሌክትሪክ ልታስተምረኝ!»

«ካውያ ይዤ ነው የኖርኩት። ሽቦ ሲግል አውቃለሁ።»

ቴክኒሻኑ መለኪያውን ይዞ ወደ ማድረቂያው ክፍል ወረደ፤ ተከተልነው። እሳቱ ሽቦውንና የማከፋፈያ ሳጥኑን በልቷል፤ ሁለቱ ማድረቂያዎች ግን ጥላሸት ለብሰው ቆመዋል። የሽቦ ጫፎቻቸውን አንድ ላይ ይዞ እምቢታቸውን ሊለካ መለኪያውን አስነካ።

«አሥራ አንድ ሊሞላ ትንሽ ቀረው» አለ።

«ይኸው! አሥራ አንድ አይደለማ!» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«አሁን ቀዝቅዞ ነው፤ ሲሞቅ ስለሚጨምር ይሞላል፣ ጌታዬ።»

ቢሮ ተመለስን። የተተየበውን ዓረፍተ ነገር ከዳር እስከ ዳር ሰረዝኩት። ከሥሩ ስሌቱን፣ የሽቦውን ልክና የፊውዙን ነገር በእጄ ጻፍኩና ፈረምኩ። ለቴክኒሻኑ ዘረጋሁለት። ብዙ አየው፤ መነጽሩን ጠረገ፤ ፈረመ።

«ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ!» አለኝ ሥራ አስኪያጁ።

«ነገ ገና ነው። ዛሬ ሠራተኛችሁ ነኝ» አልኩት። «ኮፒ ማድረጊያው የትኛው ክፍል ነው? ሦስት እፈልጋለሁ፦ ለፖሊስ፣ ለፍርድ ቤትና ለእናቴ።»